ከአያ እጅ የተነጠቀ ጀሪካን

በረኪና ፋብሪካ እንደምሠራ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነው። አዎ፣ ይደርቃል። አዎ፣ ይሸታል። ሰርግ ቤት ሽቶ ተነስንሼ ብገባ እንኳ ከኋላዬ «በረኪናዋ መጣች» የሚል አይጠፋም። ይበሉ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ነጥብ አልመጣልኝም። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ትሪ ይዤ «ምን ልታዘዝ?» ማለትም ጥቂት ጊዜ ሞክሬ፣ አንዱን ለካፊ ደንበኛ «አፍህን ዘግተህ ጠጣ» ብዬው ተሰናበትኩ። ፋብሪካው ግን ተስማማኝ። ጫጫታ አለው፣ ሩጫ አለው፣ ቁጭ ማለት የለበትም።

ፋብሪካ ስላችሁ ሰማይ ጠቀስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከጎንደር ወደ ወለቃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከመንገዱ ዝቅ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በሩ አጠገብ የበረኪናው ታንከር አለ። በወዲያኛው ጫፍ የሽንት ቤት ማጽጃ የሚቀመምበት ክፍል አለ። መሃል ላይ እኛ ሴቶቹ ጠርሙስ እንሞላለን፣ ክዳን እናጠብቃለን፣ ወረቀት እንለጥፋለን፤ ከሁሉም በላይ ግን እናወራለን።

የሽንት ቤት ማጽጃው አሲድ ነው። አሲድና በረኪና አንድ ዕቃ ውስጥ ከተገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ይህን የነገረችን የኬሚስትሪ መምህራችን ናት፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርት ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁ። ፋብሪካው በገባሁ ሰሞን ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸውን ሳይ አላስቀመጠኝም። «ይሄ ነገር አንድ ቀን ይጨርሰናል» እላለሁ ጠርሙስ ስሞላ። «መሃሉ ላይ ግድግዳ ይሠራ» እላለሁ ምሳ ስበላ። በመጨረሻ ባለቤቷ ሰለቻቸው።

ባለቤቷን እትዬ ነው የምንላቸው። አራዳ ጓሯቸው ውስጥ በድስት ሳሙና ከመቀቀል ተነስተው እዚህ የደረሱ፣ ፈጣን፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ሲስቁ ግን ሆዳቸውን ይዘው የሚስቁ ሴት ናቸው።

«ነይ እስቲ» አሉኝ አንድ ቀን። «ከዛሬ ጀምሮ የደህንነት ተጠሪያችን አንቺ ነሽ።»

«ምን ልሥራ?»

«እስከ ዛሬ በግልሽ ስትጮኺ ነበር። አሁን በሹመት ጩኺ።»

ጮህኩ። ግድግዳውን ባላሠራም ጓንትና መነጽር አስገዛሁ። ንፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ እንድታሳይ ደግሞ አንዲት ቀይ ፌስታል በረጅም እንጨት ጫፍ አስሬ ግቢው ውስጥ አቆምኩ። የሳቁብኝ ሳቅ አይነገርም። «ባንዲራሽን ስቀዪ እንጂ» እያሉ ጠዋት ጠዋት ይሰለፉልኝ ነበር።

አሲዱን የሚይዙት አያ ናቸው። ከጭልጋ በኩል ልጆቻቸውን ተከትለው ከተማ የገቡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው። ቤት መዋል አልሆን ቢላቸው መጥተው ተቀጠሩ። ከሁላችንም ጓንታቸውን የማያወልቁ እሳቸው ናቸው። ውሃውን ደግሞ የሚሸከመው ሙሽራው ነው። ስም አለው፤ ካገባ ወዲህ ግን በስሙ የጠራው የለም። ትከሻው በር የሚያክል፣ ሆዱ ግን የሕፃን የሆነ ሰው ነው።

አደጋው የደረሰው አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው።

ውሃ ጠፍቶ ሰንብቷል። ጎንደር ላይ ውሃ ሲጠፋ ከተማው በሙሉ ቢጫ ጀሪካን ይሆናል፤ እኛም እንደዚያው ሆንን። በረኪናው ውሃ ይፈልጋል፤ ቧንቧው ደርቋል፤ ስለዚህ ሙሽራው በር ላይ ከሚቆመው የውሃ ማኪና በቢጫ ጀሪካን እየቀዳ ታንከሩ ውስጥ ይገለብጣል። የአሲዱ መጋዘን ያለው ደግሞ እዚያው በሩ አጠገብ ነው። አያ ከመጋዘኑ ወደ ክፍላቸው ለመሄድ ታንከሩን ማለፍ አለባቸው፤ አሲዱን የሚይዙትም በቢጫ ጀሪካን ነው። አሁን ስጽፈው ለማንም ይታያል። ያን ጊዜ ለማንም አልታየም።

እኔ ክዳን እያጠበቅሁ ነበር። መጀመሪያ እንደ ለስላሳ መጠጥ ፍሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። በረኪና አይደለም፤ በረኪናማ ዘመዳችን ነው። ይሄ ጉሮሮ የሚያንቅ ነው። ዞር ስል ከታንከሩ አፍ አረንጓዴ ቢጫ ጭስ እየተንከባለለ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሙሽራው ጀሪካኑን ጥሎ እየሳለ ወደ ኋላ ይንደረደራል።

«ውጡ!» አልኩ።

ወጡ። ግን ወዴት ነው የሮጡት? ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ! ዓይኑ የተቃጠለ ሰው ውሃ ወዳለበት ይሮጣል፤ አልፈርድባቸውም። ክሎሪን ግን ከአየር ይከብዳል፤ እሱም የሚሄደው ወደ ታች ነው። ፌስታሏን አየሁ። ወደ ወንዙ ትውለበለባለች።

«ወደ ላይ! ወደ አስፋልቱ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ! «ወንዝ የወረደ በጭሱ ባይሞት በእኔ እጅ ይሞታል!»

ይቺን ሰሟት። ተመልሰው፣ አያን በሁለት ወገን ደግፈው፣ እየሳሉ ዳገቱን ወጡ። አስፋልቱ ዳር ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ነጭ ጋዋን የለበሰ መንጋ ዓይኑን እያሸ ሲመጣባቸው አንዷ ብድግ ብላ «ምን መጣ? ጅብ ነው?» አለች።

«ጋዝ ነው!»

«ጋዝማ ወተት ነው መድኃኒቱ። ወተት አምጡ!»

«ምነው? ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ ጾም ነው» አለች ሌላዋ።

«ለታመመ ይፈቀዳል!»

«ማን ፈቀደ? ቄስ ይጠየቅ እንጂ!»

ሙሽራው መሃላቸው ተቀምጦ ይስላል። «ወተቱም ቄሱም ይቆይ!» አልኩ። «ውሃ ነው የምፈልገው፤ ለዓይናቸው።» ምስኪኖች፣ ለሽያጭ ከደረደሯቸው እንስራዎች መርጠው ለራሳቸው የያዙትን ውሃ ሞልተው አመጡልን፤ ዓይናችንን እስክንጠግብ ታጠብን። ሙሽራውንና አያን በባጃጅ ሆስፒታል ላክን። የእሳት አደጋ ሰዎች ጭንብላቸውን አድርገው ገብተው፣ አናፍሰው «አሁን ይቻላል» እስኪሉን ድረስ አንድም ሰው በሩን እንዲያልፍ አልፈቀድኩም፤ እትዬን ራሳቸውን ጭምር። ቦርሳቸው ቢሮ ቀርቶባቸው ነበር። ተሳደቡ። አላለፉም።

ሙሽራው ኦክስጅን ተደርጎለት፣ አንድ ቀን ተኝቶ ወጣ። አያም ዓይናቸው ከመቅላት በቀር ደህና ሆኑ። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ሐሙስ ማምሻውን ሙሽራው በእግሩ ሲገባ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እልልታው ሳያልቅ እትዬ ግቢው መሃል ቆሙ።

«እሺ። ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ።

«ኧረ እኔ ነኝ!» አለ ሙሽራው። ድምፁ ገና እንደ ዝገት ይፋጫል።

«አንተ ዝም በል። አሲዱ የኔ ነው።»

«የገለበጥኩት እኔ ነኝ እኮ፣ አያ!»

«ዝም በል አልኩህ ልጄ። ጥፋቴን አትቀማኝ።»

ሁለቱ በጥፋት ሲሻሙ እኛ ሳቃችን መጣ፤ እትዬ ግን አልሳቁም። «የአሲዱ ኃላፊ እርስዎ ነዎት፣ አያ» አሉ። «አከብርዎታለሁ። ግን የሰው ነፍስ ነው። አሲድ ከእጁ ወጥቶ የት እንደሄደ የማያውቅ ሰው አሲድ ሊይዝ አይችልም። ቅዳሜ ሒሳብዎን ወስደው ይረፉ።»

አያ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሸጋ» አሉ። ይኸው ነው። ጓንታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ያቺ «ሸጋ» ናት ያንገበገበችኝ። ቢቆጡ፣ ቢከራከሩ ይሻለኝ ነበር።

ተከትያቸው ቢሮ ገባሁ፤ ማለቴ እትዬን። በር ሳላንኳኳ።

«አያ ቢሄዱ ሰኞ አሲዱን ማን ይይዛል?»

«ሌላ ሰው።»

«በምን?»

«በምን ይሆናል፣ በጀሪካን ነዋ!»

«በየትኛው ጀሪካን?»

ቀና ብለው አዩኝ። ያልተቆጡበት ምክንያት ደክሟቸው ስለነበረ ይመስለኛል።

«እትዬ፣ እርስዎ ማነው ብለው ጠየቁ፤ መልሱ ሰው ሆነ። ሰውየውን እንሸኛለን፤ ጀሪካኑ እዚያው ይቀመጣል፤ ውሃው እንደጠፋ ይኖራል፤ ታንከሩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሌላው ሰው ሲመጣ ሌላውንም እንሸኛለን። እኔ የምጠይቀው ምነው እንደዚህ ሆነ የሚለውን ነው።»

«እና ምነው ሆነ?»

«አላውቅም።»

«አየሽ!»

«ሁለቱም ጥፋቱን እየተናጠቁ ማንም አይነግረኝም። አያ አሲድን ከውሃ በዓይናቸው ይለዩታል። ሙሽራው ደግሞ መጋዘኑን ረግጦት አያውቅም። ታዲያ ጀሪካኑ ከአያ እጅ ሙሽራው እጅ እንዴት ደረሰ? ነገ እንሥራው።»

«ምኑን?»

«አደጋውን። በውሃ።»

«ይቺ ልጅ ጭሱ ጭንቅላቷ ገብቷል» አሉ ለጠረጴዛቸው። ቀጥለው ግን «አንድ ጊዜ ብቻ። ካልተገኘ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው» አሉኝ።

አርብ ጠዋት ታንከሩ ታጥቦ ተቀምጧል። መጋዘኑን ቆለፍን፤ ጀሪካኑ በሙሉ ንጹህ ውሃ ነው፤ እያንዳንዱን ራሴ ከፍቼ አየሁ። ሁሉም ረቡዕ ዕለት የነበረበት ቦታ ይቁም፣ ያደረገውን ብቻ ያድርግ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሳቅሁ አይመስለኝም። ጎኔ የምትሠራው ጓደኛዬ አያ ገና ከመጋዘኑ ሳይወጡ ደረቷን ይዛ መሳል ጀመረች።

«ገና ነው!» አልኳት።

«እየተለማመድኩ ነው።»

አንዷ ደግሞ ጥጉን ይዛ ቆማለች። «አንቺ ረቡዕ እዚህ ነበርሽ?»

«ሽንት ቤት ነበርኩ።»

«እንግዲያው ሽንት ቤት ግቢያ!»

«ውሸቴን ነው፤ ከጀርባ ሆኜ ስልክ እያወራሁ ነበር።»

«ከማን ጋር?» አለ አዳራሹ በሙሉ በአንድ ድምፅ። ምርመራው ሊቀየርብኝ ሆነ። በስንት ጩኸት መለስኳቸው።

«እሺ፣ አያ፣ ይውጡ!»

አያ ከመጋዘኑ በር ጀሪካኑን በአንድ ወገን አንጠልጥለው፣ ወደ ክብደቱ ዘመም ብለው ወጡ። ሙሽራው ከውሃ ማኪናው አጠገብ ጎንበስ ብሏል። እትዬ ጨዋታውን ሊያዩ በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ማንም እሳቸውን «ይግቡበት» አላላቸውም። ረቡዕ ዕለት ቢሮ ነበሩ እንጂ በሩ ላይ አልነበሩም።

አያ ሁለት እርምጃ እንደተራመዱ፣

«ኧረ በሞትኩት! ምነው አያ፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» አሉ እትዬ፤ ዘለው ጀሪካኑን ከእጃቸው ነጠቁ።

ጨዋታ መሆኑን ያውቃሉ። የተሰበሰብነው ለምን እንደሆነም ያውቃሉ። እጃቸው ግን አላወቀም። ሙሽራውም ከማኪናው ቀና ብሎ፣ ጓደኛዬም ከወንበሯ ተነስታ፣ እኔም አሰላፊዋ፣ ሁላችንም ወደ ጀሪካኑ አንድ አንድ እርምጃ ተራምደናል። የቀደሙን እትዬ ስለሆኑ ብቻ ነው የቀረነው።

አያም ምርቃታቸውን ጀመሩ። እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ከደን አድርገው። «ተባረኪ። እጅሽ አይንጠፍ። ቤትሽ ይሙላ። የልጅ ልጅ እዪ። ክፉ አይይሽ…»

«አሜን» አሉ እትዬ ጎንበስ ብለው። «አሜን። አሜን።» ጀሪካኑ ይከብዳል። ምርቃት ተቋርጦ አይኬድም። በአሜን በአሜን ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ማስቀመጫ ፈለጉ፤ ለእግራቸው የቀረበው የታንከሩ ደረጃ ነው፤ ደረጃው ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። አስቀመጡት። ሙሽራው ደግሞ ረቡዕ ያደረገውን አድርግ ተብሏልና መጣ፣ አነሳ፣ ታንከሩ ውስጥ ገለበጠ።

ውሃው ወረደ። ጓደኛዬ እንኳ መሳሏን ረሳች።

ሙሽራው ባዶውን ጀሪካን ይዞ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «እንዲህ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ የተቀበልኳቸው እንጂ እንዲህ ነበር። ሸክም ይዘው ሳይ ነጠቅኋቸው። እየመረቁኝ ነበር። ከዚያ እግሬ ሲመላለስ ወደ ዋለበት ሄደ።»

«እትዬ» አልኩ፣ «ምን እንደያዙ ማን ነገረዎት?»

«ማንም።»

«ጠየቁ?»

«እየመረቁኝ እንዴት ልጠይቅ!» አሉ፤ ተቆጥተው ነው የተናገሩት።

«እኔስ እየመረቅሁ እንዴት ልናገር?» አሉ አያ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ። ከዚያ ማን ይያዘን! ሙሽራው በሳቁ መሃል ሳሉ ተነሳበት፤ ውሃ እየሰጠን እንስቃለን።

«እንግዲህ» አሉ እትዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ሁላችሁንም ማሰናበት ነው የቀረኝ። ከራሴ ጀምሬ።» ወደ አያ ዞሩ። «ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም። ሰኞ እንዳይቀሩብኝ።»

አያ ጓንታቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ሸጋ» አሉ። የዚህኛዋ ድምፅ ሌላ ነበር።

ቀሪውን ቀን ያሳለፍነው በክርክር ነው፤ የወደድኩትም ክርክር ነው። ስንፍና ቢሆን ኖሮ ሰነፉን መገሰጽ ነው። ክፋት ቢሆን ክፉውን ማባረር ነው። ያገኘነው ግን አክብሮትን ነው፤ አክብሮትን ምን ታደርገዋለህ? አንዷ «ሽማግሌ መርዳት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ» ብላ ሐሳብ አቀረበች። እናቷ ብታነበው ምን እንደምትላት ሁላችንም ነገርናት። እኔ በበኩሌ ሰው አይቸኩል፣ አይርሳ፣ አይሳሳት ብሎ ማስጠንቀቅ አልወድም። ሰው ይሳሳታል። እኔ የምፈልገው ሲሳሳትም የማይገድለው ዕቃ ነው።

ስለዚህ አሲዱ ከቢጫ ጀሪካን ወጣ። ሸክም እንዳይሆን፣ ሸክም ካልሆነም ማንም እንዳይነጥቀው፣ በጥቁር በርሜል ሆኖ በጋሪ ላይ ታሰረ። መንገዱም ተቀየረ፤ ጋሪው አዳራሹን በውጭ በኩል ዞሮ በጓሮ በር ይገባል እንጂ በታንከሩ አጠገብ ማለፍ ቀረ። ታንከሩ ቁልፍ ያለው ክዳን ተሠራለት። ግድግዳዬም ተሠራ! ብሎኬቱ ሲደረደር ቆሜ ሳይ ግንበኛው «ቤትሽ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

አንድ ነገር ግን አልታሰበኝም ነበር። ሰኞ ጠዋት አያ ጋሪውን ይዘው ብቅ ሲሉ ሙሽራው ሮጦ «ኧረ አያ፣ እኔ ልግፋው!» አለ። ጀሪካኑ ቢቀየር ልባችን የት ይሄዳል?

ለዚህ መላ ያገኙት አያ ራሳቸው ናቸው። እጀታውን ለቀቁለት፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም። «ምንድን ነው የያዝከው?» አሉት።

ሙሽራው ለምርቃት ጎንበስ እንዳለ ቀረ። «አሲድ።»

«ወዴት ነው የምትወስደው?»

«በውጭ ዞሬ፣ ወደ እርስዎ ክፍል።»

«እንግዲያው ተባረክ። ትዳርህ ይጽና። ወንድ ልጅ ይሳምህ…»

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይኸው ሆነ። ሳይመልሱ ምርቃት የለም። እኔ የደህንነት ተጠሪዋ ስንት ጊዜ «ምን እንደያዛችሁ ተናገሩ» ብዬ ብጮህ የሚሰማኝ አልነበረም፤ ለአያ ምርቃት ሲሉ ግን ቀን ሙሉ ሲሸመድዱ ይውላሉ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ራሳቸው መጡ። ከባንክ ተመልሰው፣ ቦርሳቸውን ለእኔ አስይዘው፣ የጋሪውን እጀታ ያዙ።

«ምንድን ነው?» አሉ አያ።

«አሲድ ነዋ። የገዛሁት እኔ አይደለሁም?»

«ወዴት ነው?»

እትዬ ወደ አዳራሹ በር በአገጫቸው አመለከቱ።

አያ እጃቸውን አልዘረጉም። እኛ ክዳን በእጃችን እንደያዝን ቆመን እናያለን። የፋብሪካው ባለቤት፣ በራሳቸው ጋሪ፣ በራሳቸው ግቢ! ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ተነግሯቸው ሲያልፉ ሳይሆን ራሳቸው ሲያገኙት ነው የሚጠቅመው።

«ኧረ በውጭ ነው!» አሉ እትዬ በስተመጨረሻ፤ ጋሪውን አዙረው ገፉ። ጫማቸው ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ፣ አዳራሹን ዞረው በጓሮ በር ገቡ፤ በርሜሉ ከቦታው ሲደርስ እጃቸውን አራግፈው ጎንበስ አሉ።

አያ ጓንታቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን ከደን አድርገው ጀመሩ። ዕድሜውን፣ ጤናውን፣ ልጁን፣ የልጅ ልጁን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን። እትዬ ከብት የላቸውም። የሻይ ሰዓት ደረሰ።

«አሜን» አሉ እትዬ ቀና ሊሉ እየሞከሩ።

«ቆዪ» አሉ አያ፣ «ገና ነኝ።»